ከላም ቀጥሎ ጥጃ

ትክክለኛ መልስ ማንንም አያጋልጥም። ይህን የተረዳሁት አዋሽ በተመደብኩ በመጀመሪያው ዓመት፣ የስድስተኛ ክፍል የሳይንስ ፈተና ሳርም ነው። አንድ ዴስክ ላይ የሚቀመጡ ሁለት ልጆች እኩል ከሃያ አሥራ ዘጠኝ አገኙ። አሥራ ዘጠኙ ምንም አልነገረኝም፤ ደብተሩን ያጠና ሁሉ ያንኑ ይጽፋል። ያጋለጠቻቸው አንዷ ስህተት ናት። ቀይ የደም ሕዋስ የት ይመረታል ለሚለው ሁለቱም “በአጥንት መቅኔ” በማለት ፈንታ “በአጥንት መቀነት” ብለዋል። አንድ የተቻኮለ ልጅ መቅኔን መቀነት ሊያደርገው ይችላል። ሁለት ልጆች ግን፣ ያውም ክርናቸው እየተነካካ፣ ይህን ከየራሳቸው አያመነጩትም። ጠርቼ ስጠይቃቸው አንደኛው ወዲያው አመነ፤ ሌላው እስከ ዛሬ የሚክድ ይመስለኛል።

ፈተና የማርመው ባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት ካለች ሻይ ቤት ተቀምጬ ነበር። የተከራየሁት ክፍል ቆርቆሮ ስለሆነ ከቀትር በኋላ ሰው አያስቀምጥም። የሻይ ቤቱ ባለቤት ሃምሳውን ያለፉ የወሎ ሰው ነበሩ፤ አዋሽ ከገቡ ብዙ ዓመት ቢሆናቸውም ከተማዋን አሁንም “ይሄ ረመጥ” እያሉ ነበር የሚጠሯት። እኔ ጋሼ እላቸዋለሁ። ስለ ዝግመተ ለውጥ እንደማስተምር ሲሰሙ፣ ከጣቢያው ማዶ ባለው የአዋሽ ገደል አፋፍ ላይ ወደተቀመጡት ዝንጀሮዎች በአገጫቸው እያመለከቱ “ዘመዶችሽ ምሳ በሉ ወይ?” ይሉኝ ነበር። “የእርስዎም ናቸው” ስላቸው “እኔስ የአደም ልጅ ነኝ፤ ቀበሌ ከጠየቀኝ ግን ካንቺ ጋር ነኝ” ብለው ሻዬ ላይ ስኳር ይጨምራሉ። ያን ጊዜ ስኳር በራሽን ስለነበር ይህ ቀላል ፍቅር አልነበረም።

የመቀነቱን ነገር ስነግራቸው በጣም ሳቁ። እኔም ያን ቀን አፌ ስለተፈታ፣ ከዝንጀሮ ጋር ያለን ዝምድና የሚታወቀው በዚሁ ዓይነት መንገድ ነው ብዬ ማስረዳት ጀመርኩ። ኮሌጅ ሳለሁ አንድ አስተማሪያችን በስቴንስል የተባዛ ወረቀት አድሎን ነበር። ከእርሾ እስከ ሰው በሚተነፍሱ ፍጡራን ውስጥ የሚገኝ አንድ ፕሮቲን አለ፤ ከመቶ በላይ ቅንጣቶች እንደ ዶቃ በተራ ተሰክተው የሚሠሩት። ወረቀቱ ላይ የሰው፣ የችምፓንዚ፣ የፈረስ፣ የዶሮና የዓሣ ዶቃ፣ የእርሾም ሳይቀር፣ እያንዳንዱ ቅንጣት በአንድ ፊደል ተወክሎ ረድፍ በረድፍ ተደርድሯል። የሰውና የችምፓንዚ ከዳር እስከ ዳር አንድ ነው። ፈረስ ጋ ሲደረስ እዚህም እዚያም ፊደል ይለወጣል፤ እርሾ ጋ ልዩነቱ ይበዛል፤ ቢሆንም መስመሩ ያው መስመር መሆኑ ያስታውቃል። አስተማሪያችን እንዳለው ወላጅ ለልጁ የሚሰጠው ግልባጭ ነው። ስትገለብጥ አንዲት ፊደል ካመለጠች ያመለጠችው እንዳመለጠች ለልጅ ልጅ ትወርዳለች። ጋሼ አዳምጠው አዳምጠው “እንግዲያስ ዝንጀሮው ነው ከኛ የኮረጀ” አሉ፤ በዚሁ ተለያየን።

በጋሼ ሻይ ቤት አሥራ ሰባት አሥራ ስምንት የሚሆናት ወጣት ትሠራ ነበር። ፉሉን የምትሠራው፣ ሳምቡሳውን የምትጠብሰው፣ የድሬዳዋ ባቡር ሲገባም መስኮት ለመስኮት እየዞረች የምትሸጠው እሷ ናት። ንጉሡ ከመውረዳቸው ቀደም ብሎ በወሎ በደረሰው ረሃብ ጊዜ፣ ስድስት ወይም ሰባት ዓመቷ ሳለ ከአባቷ ጋር በእግር ወደ ቆላው ወርዳለች። አባቷ መንገድ ላይ ሞተ። እሷን ጣቢያው ውስጥ የሚሠሩ ባልና ሚስት አነሷትና እንደ ልጅም እንደ ሠራተኛም አድርገው አሳደጓት፤ ጋሼ ጋ ከተቀጠረች ዓመት ሆኗት ነበር። የአባቷን ስም አታውቅም። “አባባ ነው የምለው፤ ሌላ ስም እንዳለው አላውቅም ነበር” ብላኛለች። የአገሯንም ስም አታውቅም፤ እሷ ዘንድ “ቤታችን” ነበር። ሰሞኑን አሰብ ያለ አንድ ሆቴል በጥሩ ደመወዝ ቀጥሯት፣ በመጪው ሐሙስ ከጭነት መኪና ጋር ልትሄድ ተሰናድታለች። የሚያስቀራት ዘመድ አልነበራትም።

እኔ በዚያ ዓመት የመሠረተ ትምህርት አስተማሪም ነበርኩ። ከሰዓት በኋላ በቀበሌው አዳራሽ ለአዋቂዎች ሀ ሁ አስቆጥራለሁ። እሷም በተራዋ ስሟ ተጠርቶ መጥታ ነበር። የመጀመሪያ ቀን ሰሌዳውን እያየች እጇን አወጣችና “እትዬ፣ ፊደል እኔም አውቃለሁ፤ የዓረቡን። አባባ ነው ያስተማረኝ” አለች። እስቲ አሰሚን አልኳት። ተነስታ ዓይኗን ጣሪያው ላይ ሰክታ በዜማ ወረደችው። እኔ የዓረብኛ ፊደል ስለማላውቅ ትክክል ትሁን ትሳሳት አልለየሁም፤ ዜማው ብቻ ደስ አለኝ። “ካፍ፣ ላም፣ ጥጃ፣ ሚም” ስትል ግን አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ላም ፊደል ናት፤ ጥጃውን ማን አመጣው? ኋላ ወንበር ላይ የነበረ የባቡር ዘበኛ “አትፍረዱባት፣ ላሟ ወልዳ ነው” አለና ሳቁን ደገመው። እሷ ሻሿን አፏ ላይ አድርጋ ቁጭ አለች፤ የቀረውን አልጨረሰችም። እኔም ከሳቁት አንዷ ነኝ።

በማግስቱ፣ ሰኞ፣ ምሳ ላይ ነገሩን ለጋሼ እንደ ቀልድ አወራሁላቸው። ሻይ እየቀዱ ነበር፤ ማንቆርቆሪያውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት።

“ማን ነው ጥጃ ያለው?” አሉኝ።

“የእርስዎዋ ሠራተኛ። አባቷ ነው ያስተማራት።”

ወንበር ስበው ተቀመጡ። በልጅነታቸው ቁርአን ቤት ሲገቡ ፊደሉን ያን ያህል ቶሎ አልያዙትም ነበር። ላም ሲባሉ ከብት ስለሚመስላቸው ጥጃ ጨመሩበት። የሚከተላቸው አንድ ወንድም ነበራቸው፤ ሕመምተኛ ስለሆነ ከቤት አይወጣም። የቀን ትምህርታቸውን ማታ ማታ ለእሱ ያስጠኑት ነበር፤ ጥጃውንም ጭምር። እሳቸውን በኋላ ሸሁ በአለንጋ አረሟቸው። ታናሽየው ግን ሸህ ዘንድ ሳይደርስ አደገ፤ አራሚ አላገኘም። ጋሼ በጉርምስናቸው ለንግድ ከአገር ወጡ፤ ወንድማቸው እዚያው አግብቶ ቀረ። በረሃቡ ጊዜ ቤቱ ባዶውን ተገኘ፤ ወዴት እንደሄደ የሚያውቅ የለም።

“አሥር ዓመት ሙሉ ስጠይቅ ኖሬያለሁ” አሉኝ። “አንድ ጊዜ ጭፍራ ከተማ የወንድምህ ልጅ አለ ብለውኝ ልብስና ሸማ ጭኜ ሄድኩ። ልጁን አቅፌ አልቅሻለሁ፤ ወላሂ። በሦስተኛው ቀን እውነተኛ አባቱ ከገበያ መጣ። ያንን ሁለተኛ አልችለውም። አስተማሪዋ፣ አንቺ የተማርሽ ነሽ፤ አጣርተሽ ንገሪኝ።”

ወጣቷ የጓዳው በር ላይ ቆማ ነበር። ስንት ቃል እንደሰማች አላውቅም፤ እጇ ላይ ያለው ሊጥ መድረቅ ጀምሯል።

እኔ አጣሪ ነሽ ስባል ጅራቴን የምቆላ ሰው ነኝ። ወዲያው “ጋሼ፣ ይህን የጥጃ ነገር እዚህ ቤት አውርተውት ያውቃሉ?” አልኳቸው።

“በየረመዷኑ አወራዋለሁ። ሾፌሮቹ ሁሉ ያውቁታል።”

“እንግዲያው ከእርስዎ ሰምታው ይሆናል።”

“ከአባባ ነው የሰማሁት” አለች ከበሩ።

“በልጅነትሽ የሰማሽውንና አምና የሰማሽውን በምን ትለዪዋለሽ?” አልኳት። “ደግሞ ላም ሲባል ጥጃ ማለት አማርኛ የሚናገር ማንኛውም ልጅ ሊያደርገው ይችላል። ይህ ማስረጃ አይሆንም።”

ሁሉም እውነት ነበር፤ አንዱም ግን እንደዚያ መነገር አልነበረበትም። እሷ ወደ ጓዳ ተመለሰች። ጋሼ ማንቆርቆሪያውን አንስተው የቀዘቀዘ ሻይ ቀዱልኝ፤ ስኳር አልጨመሩም። ክፍሌ ገብቼ ከራሴ ጋር ተጣላሁ።

የያዘኝን ሐሳብ ዛሬ በተሻለ ቋንቋ ላስረዳው እችላለሁ። አሁን የምኖረው ሰመራ ነው፤ ያን ጊዜ ሰመራ ከተማ አልነበረችም፣ የአሰብ ሾፌሮች ሳይቆሙ የሚያልፉት ሜዳ ነበር። ዛሬ የጎረቤቴ ልጅ ላፕቶፑን ከፍቶ የዘር ፊደላትን ጎን ለጎን አስቀምጦ ያሳየኛል። አራት ፊደላት ብቻ ናቸው፤ ነገር ግን በብዙ ሚሊዮን ተደርድረው። ካየሁት ሁሉ ልቤን የሳበው የቫይታሚን ሲ ነገር ነው። ፍየልና ግመል ይህን ቫይታሚን ራሳቸው በሰውነታቸው ይሠራሉ። እኛ አንሠራም፤ ለመሥራት የሚያገለግለን የዘር መስመር ከብዙ ዘመን በፊት ተበላሽቷል። ዝንጀሮም ላይ ተበላሽቷል፣ ችምፓንዚም ላይ፤ ብልሽቱን ጎን ለጎን ሲያዩት ያንኑ አንድ ስህተት ሁላችንም የወረስነው መሆኑ ይታወቃል። ላቦራቶሪ ውስጥ የሚያረቧት አንዲት ጅራት የለሽ አይጥ መሳይም እንዲሁ ቫይታሚኑን አትሠራም፤ የእሷ መስመር የተሰበረው ግን በራሷ ጊዜ፣ በሌላ አኳኋን ነው። አንድ ዓይነት ጉድለት ስላየን ብቻ ዘመድ ነን አንልም። የተሰበረው በአንድ ቦታ፣ በአንድ ዓይነት መሆን አለበት፤ አንድ ሳይሆን ብዙ ስብራት ሲገጥም ደግሞ ይበልጥ እናምናለን።

ያን ጊዜ ይህን አላውቅም ነበር፤ መቅኔና መቀነቱን ግን አውቅ ነበር። ጥጃው የአይጧ ዓይነት ሊሆን ይችላል፣ ትርጉም ስላለው ማንም ሊደርስበት ይችላል። የሚያስፈልገኝ ትርጉም የሌለው ስህተት ነው፤ ማንም የማይቀልድበት፣ ማንም ለሾፌር የማያወራው። ደግሞ ጋሼ ዛሬ የማይሳሳቱት መሆን አለበት። እሳቸው ከተውት ቆይተው እሷ ዘንድ ካለ፣ እዚህ ቤት ልትማረው አትችልም።

ረቡዕ በዘጠኝ ሰዓት፣ ሰው ሁሉ ሙቀቱን ሸሽቶ በተኛበት፣ ሻይ ቤቱ ባዶ ነበር። እሷን ጓሮ ቆዪ አልኳት፤ በሩንም ዘጋሁት። ፈተና እንደማስፈትን ነበር የሆንኩት። ጋሼን መጀመሪያ ትክክለኛውን ፊደል በዝግታ እንዲነግሩኝ ጠይቄ በአማርኛ ጻፍኩት፤ ከአሊፍ እስከ ያ። ከዚያ “አሁን ደግሞ ሸሁ ሳያርሙዎት በፊት እንዴት ነበር የሚሉት?” አልኳቸው።

“ጥጃው ብቻ ነው ትዝ የሚለኝ። ሌላም ነበረ፤ በአለንጋው ብዛት አውቃለሁ። ምን እንደነበር ግን ጠፍቶኛል።”

“በሐሳብ አይፈልጉት። በዜማው ይበሉት፣ ቶሎ ቶሎ።”

ጉልበታቸውን በመዳፋቸው እየመቱ ጀመሩ። የመጀመሪያው ትክክል ወጣ። ሁለተኛውም ትክክል ወጣና ተናደዱ፤ በሕይወቴ ትክክል በማለቱ የተናደደ ሰው ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ ድምፃቸው ቀጠነ፤ አፋቸው ብቻውን መሄድ ጀመረ። ጧ ካሉ በኋላ ዟን ዘለው ዓይን አሉ። ገይንን አልፈው ፋን በማስቀደም ፈንታ ቃፍን አስቀደሙ። ካፍ፣ ላም፣ ጥጃ። እስከ ያ ሲደርሱ፣ እኔም ከትክክለኛው ሥር በሌላ መስመር ጽፌ ስጨርስ፣ ዓይናቸውን ገለጡና “ይሄ ነው” አሉኝ፤ “እዚች ጋ ነበር የሚመቱኝ” ብለው ትከሻቸውን ዳሰሱ። ሁለቱን አዳዲስ ስህተቶች ለማንም አውርተው ያውቁ እንደሆነ ጠየቅኳቸው። ራሳቸውም ከረሱት አርባ ዓመት አልፎታል። ከወንድማቸው ሌላ ያስጠኑት ሰው እንደነበረም ጠየቅኩ፤ አልነበረም።

ወረቀቱን አጥፌ ያዝኩና በሩን ከፈትኩ። እሷ መጥታ ቆመች፤ የአሰቡ መኪና በማግስቱ ጠዋት ስለሚነሳ ጸጉሯን ተሠርታ ነበር። ጋሼ ምንም እንዳይናገሩ፣ ፊታቸውንም ወደ ግድግዳ እንዲያዞሩ አደረግኋቸው። እሳቸውም እንደ ተማሪ ታዘዙኝ።

“አዳራሽ ውስጥ ያልሽውን በይልኝ” አልኳት። “ማንም አይስቅም።”

ዓይኗን ጣሪያው ላይ ሰክታ ጀመረች። እኔ ጣቴን በጋሼ የልጅነት መስመር ላይ አድርጌ ተከተልኳት። አሊፍ፣ ባ፣ ታ። እስከ መሃል ድረስ ትክክል ስለሆነ ምንም አይነግረኝም። ሷድ፣ ዷድ፣ ጧ። “ዓይን” አለች። ዟ የለም። ገይን። “ቃፍ፣ ፋ፣ ካፍ።” ግድግዳውን የሚያዩት ሰው ትከሻቸው ዝቅ አለ። ላም፣ ጥጃ፣ ሚም፣ ኑን፣ ዋው፣ ሃ። ሦስቱም ስህተቶች በየቦታቸው ነበሩ።

“ያ” አለች፤ ወረቀቴ አለቀ። እሷ ግን አላለቀችም። በዚያው ዜማ፣ ድምፅዋን ሳታነሳ ሳትጥል፣ “እንሂድ” ብላ ዘጋችው።

ጋሼ ዞሩ። “ምን አልሽ?”

“እንሂድ። የመጨረሻዋ ናት።” ሁለታችንን ተራ በተራ አየችን። “አባባ ሲደክመው እንቀመጥ ነበር። ተቀምጠን አንድ ጊዜ እንላታለን። እንሂድ ጋ ስንደርስ እንነሳለን።”

ከወረቀቱ ጋር የሚገጥመው የጋሼ ነው፤ ወንድማቸው ከእሳቸው የወሰደው። የማይገጥመው ደግሞ ሁለቱ ወንድማማቾች ከተለያዩ በኋላ የመጣ መሆን አለበት። ይህን ላስረዳ አፌን ከፍቼ ነበር፤ ጋሼን ሳያቸው ግን ከእኔ ቀድሞ እንደገባቸው አየሁ። ሲያለቅሱ ድምፅ አልነበራቸውም። በልጅነቱ ከቤት መውጣት የማይችለው ወንድማቸው ስንት ጊዜ ተቀምጦ ስንት ጊዜ እንደተነሳ የሚያስቡ ይመስለኛል።

እሷ ደንግጣ ወደ እኔ ዞረች። “እትዬ፣ እንሂድ ፊደል አይደለችም እንዴ?”

እኔ መልሱን አውቅ ነበር። ጋሼ ቀደሙኝ፤ ተነስተው ፊቷን በሁለት እጃቸው ያዙና “ፊደል ናት፣ የወንድሜ ልጅ” አሏት። “እኔ ነኝ ሳልማራት የቀረሁ።”